ለቮልሷ የጎደላት አየር፦ ቱርቦ የመግጠም ሥራ ማስታወሻ

መስከረም 28

ዛሬ ቆረጥኩ፤ ቮልሷ ላይ ቱርቦ፣ በሞተሩ ጭስ እየዞረ አየር የሚጨምቅላትን ዕቃ፣ እገጥማለሁ።

ትናንት እናቴን፣ ባለቤቴንና ልጃችንን ጭኜ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም ስወጣ ጠምዛዛው ላይ ሁለተኛ ማርሽ አልበቃ አላት። አንደኛ አስገባሁ። ከኋላ የተሰለፉት ሚኒባሶች ጥሩምባቸውን ለቀቁት። እናቴ «ልውረድና በእግሬ ልምጣ እንዴ ልጄ?» አለችኝ፤ ከልቧ ነው ያለችው።

መኪናዋ በ1972 እ.ኤ.አ. የተሠራች 1302 ኤስ ናት። ሞተሯ 1,584 ሲሲ ሲሆን አራቱ ሲሊንደሮች ሁለት ሁለት ሆነው ግራና ቀኝ የተኙበት፣ ውኃ የማያውቅ፣ በአየር የሚቀዘቅዝ ነው። መጽሐፏ በ4,000 ዙር 50 የፈረስ ጉልበት ትሰጣለች ይላል። ይህ ግን በባሕር ጠለል ላይ ነው። እዚያ የአየሩ ግፊት 101 ኪሎፓስካል ገደማ ነው፤ እኛ ያለንበት 2,350 ሜትር ላይ ግን ወደ 76 ይወርዳል። ከአራት እጅ አንዱ የለም ማለት ነው። ሞተሩ በሳበው አየር ልክ ስለሚሠራ ጉልበቱም በዚያው መጠን ይቀንሳል፤ ከ50ው ወደ 38 ቢቀረኝ ነው። እንጦጦ አናት ላይ ደግሞ ከዚያም ያንሳል።

ይህን የአውሮፕላን ሰዎች ከ100 ዓመት በፊት ታግለውታል። የጄኔራል ኤሌክትሪኩ ሳንፎርድ ሞስ በ1918 እ.ኤ.አ. የሊበርቲ አውሮፕላን ሞተር ይዞ ኮሎራዶ ውስጥ ወዳለው ፓይክስ ፒክ ተራራ ወጣ፤ ከፍታው 4,300 ሜትር ገደማ ነው። ታች 350 ፈረስ ጉልበት ይሰጥ የነበረው ሞተር ተራራው ላይ 230 ብቻ ሰጠ። በራሱ ጭስ የሚዞር መጭመቂያ ሲገጠምለት ግን 356 ደረሰ። ቱርቦ ከጅምሩ የደጋ ሰው ዕቃ ነው እላለሁ።

የእኔም ፍላጎት ይኸው ነው። ለእሽቅድድም አላስበውም። የጎደለኝ 25 ኪሎፓስካል፣ በቱርቦ ሰዎች መለኪያ 3.6 ፒኤስአይ ገደማ ነው። ይህን ብቻ ብመልስ ቮልሷ ጀርመን አገር ከፋብሪካ እንደወጣች ትሆናለች። ትንሽ ጨምሬ 5 ላይ አቆማለሁ፤ ይህም በጠቅላላ 110 ኪሎፓስካል ይመጣል፣ ከባሕር ጠለል በ9 በመቶ ብቻ ይበልጣል። የሞተሩ እምቅታ 7.5 ለ1 ስለሆነ ይህን ይሸከማል ብዬ አምናለሁ።

ጥቅምት 4

ምንም ሳልነካ ለካሁ። አለበለዚያ በኋላ የተሻለውንና የባሰውን መለየት አልችልም።

ከሽሮ ሜዳ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር፣ አራት ሰው ጭኜ፦ 9 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ። ከካንዴላ ሥር የሚገባ የሙቀት መለኪያ በአንደኛውና በሦስተኛው ሲሊንደር ላይ አስሬ ነበር። አናት ላይ ስደርስ አንደኛው 186 ዲግሪ፣ ሦስተኛው 212 አሳየ። ዘይቱ 104።

የኮምፕሬሽን ልኬት (እያንዳንዱ ሲሊንደር አየሩን የሚያምቅበት ግፊት)፦ 104፣ 106፣ 88፣ 103 ፒኤስአይ። መጽሐፍ ለሚያነብ ሰው ሁሉም ደካማ ይመስላሉ፤ እዚህ ግን አየሩ ራሱ ቀጭን ስለሆነ በ1.3 ማባዛት ያስፈልጋል። ያኔ ሦስቱ ከ130 በላይ፣ ሦስተኛው ብቻ 114 ይሆናሉ። ስንት ደህና ሞተር በዚህ ስህተት «አልቋል» ተብሎ ተፈትቷል! ሦስተኛው ግን እውነትም ታሟል።

ጥቅምት 11

ጋሼ ጋር ሄድኩ። ሰፈራችን ውስጥ ቮልስ ሲጠግኑ 40 ዓመት አልፏቸዋል፤ ስማቸውን የሚጠራ የለም፣ ሁሉም ጋሼ ነው የሚላቸው። ሐሳቤን ስነግራቸው እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ እስክጨርስ ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ።

«ጉልበቱን ትመልስላታለህ። ንፋሱንስ ማን ይመልስላታል?»

መልስ አልነበረኝም። ሌሊቱን ሳሰላስለው አደርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቮልስ ማራገቢያ ዲናሞው ጫፍ ላይ ተሰክቶ በቺንጋ ይዞራል። በአንድ ዙር የሚገፋው የአየር ይዘት ባሕር ጠለልም ሆነ አዲስ አበባ ያው ነው፤ ክብደቱ ግን እዚህ በሩብ ያህል ይቀንሳል። ሙቀት የሚሸከመው ደግሞ ክብደቱ ነው። እስከ ዛሬ ሁለቱ ተመጣጥነው ኖረዋል፤ ሞተሩ በሩብ ደከመ፣ ማቀዝቀዣውም በሩብ ደከመ። እኔ በቱርቦ የሞተሩን ድርሻ ብቻ ስመልስ የባሕር ጠለል እሳት በደጋ ንፋስ ማቀዝቀዝ ሊኖርብኝ ነው። የአዲስ አበባ አየር ቀዝቃዛ መሆኑ ትንሽ ይረዳል፤ አይበቃም።

ቱርቦው የሚፈልገውን ግፊት ሳሰላ የከረምኩት ሰውዬ ዋናውን ነገር ዘንግቼው ነበር። ስለዚህ ሥራው ተገለበጠ፤ መጀመሪያ ማቀዝቀዣው፣ ከዚያ ቱርቦው።

ጥቅምት 25

ሞተሩን አወረድን። ሁለት ሳምንት ቅዳሜና እሑድ ሙሉ በላሜራ ሥራ አለቀ፤ ከሁሉም በላይ የኮራሁበት ሥራ ይህ ነው።

የማራገቢያውን ሽፋን ስናነሳ ሦስተኛው ሲሊንደር ላይ የአይጥ ጎጆ አገኘን። ጥጥ፣ ደረቅ ሣር፣ የተበጣጠሰ የሶፋ ስፖንጅ፤ በዘይትና በአቧራ ተለውሶ እንደ ጭቃ ጡብ ደርቋል። ጋሼ ጣታቸውን ከተቱና «ይኸውልህ፣ 212 ያልከው እዚህ ተኝቷል» አሉኝ።

ግን ጎጆው ብቻውን አልነበረም። አሮጌዎቹ ቮልሶች የዘይት ማቀዝቀዣቸው ሽፋኑ ውስጥ፣ ልክ ከሦስተኛው ሲሊንደር ፊት ይቆማል። ሦስተኛው የሚደርሰው አየር ዘይቱን አቀዝቅዞ የሞቀ ነው። ፋብሪካው ይህን በ1971 እ.ኤ.አ. ሞዴል አስተካክሎ ማቀዝቀዣውን ወደ ኋላ፣ ለብቻው ቤት ሠርቶ አወጣው። የእኔ መኪና በዕድሜዋ አዲሱ ሊኖራት ሲገባ ድሮ በተደረገ ጥገና የአሮጌው ሞተር ሽፋን ገብቶባታል። ሶማሌ ተራ ሦስት ቅዳሜ ተመላልሼ አዲሱን ሽፋን ከነቤቱ አገኘሁት፤ ጠርዙ ተጨራምቶ ነበር፣ በመዶሻ አቀናሁት።

ቴስታታው፣ ማለትም የሲሊንደሮቹ ክዳን፣ ላይ ደግሞ ብዙ ሰው የማያየው ነገር አለ። ንፋስ በሚያቀዘቅዛቸው ክንፎቹ መካከል ብረቱ ሲቀለጥ የቀረ ስስ ሽፋን አለ፤ ከላይ ሲያዩት ክንፍ ይመስላል፣ ግን አየር አያሳልፍም። የብየዳ ኤሌክትሮድ ልጣጩን አራግፌ ሽቦውን በእያንዳንዱ ክፍተት ሰደድኩ። ያልገባበትን በክብ ሞረድ ከፈትኩ። በሁለቱ ቴስታታ 11 የተደፈነ ክፍተት ቆጠርኩ። ከካንዴላው ቀዳዳ አጠገብ ያለው፣ ከሁሉ የሚሞቀው ቦታ፣ ከነዚህ አንዱ ነበር።

የሦስተኛው ጭስ ማውጫ ቫልቭ ጠርዙ ተቃጥሏል። ቶርኖ ቤት ወስጄ መቀመጫው ተስተካከለ፣ አዲስ ቫልቭ ገባ። ስንጥቅ አለመኖሩንም እዚያው አየን።

ከሲሊንደሮቹ ሥር የሚገቡት ሁለት ትንንሽ ላሜራዎች ጭራሽ አልነበሩም። እነሱ ከሌሉ ንፋሱ ሲሊንደሩን ሳያቅፍ በአቋራጭ ይወርዳል። በካርቶን ቀርጬ ከ1 ሚሊ ሜትር ላሜራ ሠራኋቸው። የማሞቂያ ቱቦዎቹ ቀዳዳዎች ክፍት ነበሩ፤ ደፈንኳቸው። በሞተሩና በቦዲው መካከል ዙሪያውን የሚሄደው ጎማም የለም። ያ ጎማ ከሌለ ከታች የወጣው ትኩስ አየር ተመልሶ በማራገቢያው ይሳባል፤ ሞተሩ የራሱን ላብ ይተነፍሳል። አዲስ አበባ ውስጥ የማያቸው ቮልሶች አብዛኞቹ ይህ ጎማ የላቸውም። ቱርቦ የማያስብ ሰው እንኳ ይህቺን ጎማ ዛሬ ቢያስገባ ሞተሩ ያመሰግነዋል።

ሞተሩ ተመልሶ ተጫነ። እንጦጦ፣ ያው አራት ሰው፦ አንደኛው 181፣ ሦስተኛው 190። ሃያ ሁለት ዲግሪ በላሜራና በጎማ ብቻ! ጋሼ መለኪያውን ሁለት ጊዜ አዩት፤ ከዚያ «እሺ፣ አሁን ቱርቦህን አምጣ» አሉ።

ኅዳር 6

ቱርቦው መጣ። ፍራንክፈርት የምትኖረው ታላቅ እህቴ ከሻንጣዋ ውስጥ፣ በልብስ ጠቅልላ። ፓሳትና አውዲ ላይ 1.8 ሊትር የቤንዚን ሞተር የሚነፋው ኬ03 ነው፣ ያገለገለ። ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ይነሳል፤ ለ1.6 ሊትር ይበቃል።

ብዙ ጓደኞቼ «እዚሁ የናፍጣ ቱርቦ ሞልቶ ለምን ከጀርመን?» ብለውኛል። የናፍጣ ጭስ ከቤንዚን ጭስ በጣም ይቀዘቅዛል። ለናፍጣ የተሠራ ተርባይን በቤንዚን እሳት ሲቀላ ቤቱ ሊሰነጠቅ ይችላል። በአየር በሚቀዘቅዝ ሞተር ላይ ይህን አልደፍርም።

ዘንጉን በጣቴ ያዝኩት። ወደ ጎን ጥቂት ይነቃነቃል፤ ዘይት ሲገባ ዘንጉ የሚንሳፈፈው በዚያ ክፍተት ስለሆነ ያ ትክክል ነው። ወደፊትና ወደኋላ ግን ምንም። ደስ አለኝ። መካኒኮች ዌስትጌት የሚሏትን፣ ግፊት ሲበዛ ጭሱን በጎን የምታሳልፈውን በር በብስክሌት መንፊያና በጌጅ ፈተንኳት፤ 5 ላይ ዘንጓ መንቀሳቀስ ጀመረች። የፈለግኩት ቁጥር ራሱ።

ኬ03 የውኃ መግቢያና መውጫ አለው። ቮልሷ ውኃ የላትም። ቀዳዳዎቹን አልደፈንኩም፤ ውስጥ የቀረ እርጥበት ሲግል ግፊት እንዳይፈጥር ክፍት ትቻቸዋለሁ። ስለዚህ ማቀዝቀዣው ዘይት ብቻ ነው፣ ከሽቅብ በኋላም ሞተሩን ከማጥፋቴ በፊት በሚኒሞ፣ ነዳጅ ሳልሰጥ፣ አንድ ሁለት ደቂቃ መቆም ግዴታዬ ነው።

ኅዳር 13

ካርቡሬተሩ፣ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ዕቃ፣ ከቱርቦው በፊት ይሁን በኋላ? በ1962 እ.ኤ.አ. የወጣው ሸቭሮሌ ኮርቬር ሞንዛ ስፓይደር፣ እሱም በአየር የሚቀዘቅዝ ነው፣ ካርቡሬተሩን ከፊት አድርጎ 150 ፈረስ ጉልበት አውጥቷል። ቀላሉ እሱ ነው። ነገር ግን ያኔ ኮምፕሬሰሩ በሚኒሞ ላይ ስለሚሳብ የእኔ ቱርቦ ማኅተሞች ዘይት ያሳልፋሉ፤ ለዚያ አልተሠሩም። ከኋላ ይሆናል። ነባሩ ሶሌክስ 34 ፒክት 3 በአፉ ላይ በላሜራ የተሠራ ቆብ ይደፋለታል፣ ግፊቱ ከላይ ይገባል።

ኅዳር 27

የጭስ ቱቦ። ከአራቱ ቀዳዳዎች 38 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ብረት ተጠማዞ አንድ ቦታ ተገናኘ። የቱርቦውን መቀመጫ በወረቀት ቀርጬ ከ10 ሚሊ ሜትር ብረት አስቆረጥኩ። ሲበየድ ጠመመ፤ መስታወት ላይ ሳስቀምጠው ግማሽ ሚሊ ሜትር ይወዛወዛል። ቶርኖ ቤት ፊቱን ላጉት። ግራና ቀኝ የሚመጡት ቱቦዎች ሲግሉ ስለሚረዝሙ በአንድ በኩል አንዱ ሌላው ውስጥ የሚንሸራተት መገጣጠሚያ ተውኩላቸው። አለበለዚያ የሚሰነጠቀው ብየዳው ወይም ከቴስታታው የወጣው ቡሎን ነው።

ታኅሣሥ 7

ዘይት። ቮልስ ከፋብሪካው የዘይት ፊልትሮ የለውም፤ ያለው ወንፊት ብቻ ነው። በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ለሚሽከረከር ዘንግ ወንፊት አይበቃም። የዘይት ፓምፑን ክዳን መውጫ ባለው ቀይሬ ዘይቱ መጀመሪያ በፊልትሮ፣ ከዚያ በትንሽ ተጨማሪ ማቀዝቀዣ፣ ከዚያ ወደ ሞተሩ እንዲገባ አደረግኩ። የቱርቦው መግቢያ ከዘይት መብራቱ አምፖል ስዊች ቦታ በቲ ቅርጽ መገጣጠሚያ ወጣ። መመለሻውን ወደ ግራው የቫልቭ ክዳን በየድኩት። ቅርብ ስለነበረ።

ታኅሣሥ 15

ተነሳች! ያ የፉጨት ድምፅ ከኋላ ኮፋኖው ሥር ሲሰማ ልጄ እየዘለለች ጮኸች። ሠፈሩን አንድ ዞርኩ። ወደ ቀኝ ስታጠፍ በመስታወቱ አየሁ፤ ሰማያዊ ጭስ። ቀጥ ስትል ጠፋ። እንደገና ቀኝ፣ እንደገና ጭስ። ቤት ስደርስ በሚኒሞም እየጨሰች ነበር።

ልቤ ወረደ። ቱርቦው አልቋል ብዬ አሰብኩ።

ታኅሣሥ 17

ቱርቦው ምንም አልሆነም። ስህተቱ የእኔ ብየዳ ነው። የተኛ ሞተር የቫልቭ ክዳኖች በጣም ዝቅ ያሉ ናቸው፤ ዘይት ይተኛባቸዋል፣ ስታጠፍ ደግሞ ይሞላሉ። ከቱርቦው የሚመለሰው ዘይት በግፊት አይመጣም፤ በራሱ ክብደት ብቻ ነው የሚፈሰው። መድረሻው ሲሞላ ወደ ኋላ ይቆምና በማኅተሙ በኩል ወደ ተርባይኑ ይገባል። የዘይት መመለሻ ሁልጊዜ ከዘይቱ ወለል በላይ መጨረስ አለበት፤ አንብቤው ነበር፣ ግን ቅርብ ስለሆነ ብቻ ዘለልኩት።

አዲሱ ቦታ፦ ሜካኒካል የነዳጅ ፓምፑ የነበረበት ቀዳዳ። ፓምፑ በኤሌክትሪክ ስለሚተካ ባዶ ሆኗል፣ ከሞተሩ አናት ላይ ነው። ግን ቱርቦውን 6 ሴንቲ ሜትር ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል። የጭስ ቱቦውን በሰጌቶ ቆረጥኩት። የሁለት ሳምንት ሥራ ነበር።

ታኅሣሥ 28

ከገና በፊት ለመጨረስ ሌሊት ሳይቀር ሠራን። መመለሻው በ19 ሚሊ ሜትር ቱቦ፣ ከላይ እስከ ታች አንድም ቦታ ሳይጎብጥ። ቀኝ አጠፍኩ፣ ግራ አጠፍኩ፣ በሚኒሞ ሩብ ሰዓት አቆምኳት፤ ጭስ የለም።

ኤሌክትሪክ ፓምፑን የዘይት ግፊት ከሌለ እንዲጠፋ አድርጌ ነው ያገናኘሁት። አደጋ ደርሶ ሞተሩ ቢቆም ፓምፑ ቤንዚን በጋለ ቱርቦ ላይ እየረጨ መቀጠል የለበትም። ይህን ማንም እንዳይዘልለው እለምናለሁ።

ጥር 5

እንጦጦ፣ ብቻዬን። 3,000 ዙር ላይ መርፌዋ ዜሮን አለፈች፤ 2፣ 3፣ 4። ሦስተኛ ማርሽ! ጠምዛዛው ላይ ሦስተኛ ማርሽ! ከዚያ ግን መሳብ ስትጀምር ድንገት ተንገራገጨች፤ እግሬን አነሳሁ። ለአንድ እጅ ቤንዚን ስንት እጅ አየር እንደገባ የሚናገረው የነዳጅና የአየር መለኪያው 14.5 ያሳያል። በግፊት ውስጥ ከ12 በታች መሆን ነበረበት፤ ይህ ማለት ቤንዚን ጠፍቷል።

እዚያው መንገድ ዳር ኮፋኖውን ከፈትኩና በረደ ጊዜ የሦስተኛውን ካንዴላ ፈታሁ። በአጉሊ መነጽር ነጩን ሸክላ አየሁት። እንደ በርበሬ የተነሰነሱ ጥቁር ነጠብጣቦች፣ መካከላቸው ደግሞ ሁለት የሚያብለጨልጩ የብር ፍንጣሪዎች። እነዚያ ከፒስተን የተነሱ አልሙኒየም ናቸው። ቤንዚኑ ከጊዜው በፊት ፈንድቶ ፒስተኑን ደብድቦታል። የማራገቢያው ጩኸት እንደ ቆርቆሮ ዝናብ ስለሆነ በጆሮ ምንም አልሰማሁም። ካንዴላ ካላየሁ እስከሚበሳ ድረስ ባላወቅኩ ነበር።

በቁልቁለት ቀስ ብዬ ወረድኩ።

ጥር 7

አንደኛው ጥፋት ተገኘ። የነዳጅ ግፊት መቆጣጠሪያውን ቱቦ ከካርቡሬተሩ በታች፣ ወደ ሲሊንደሮቹ ከሚወስደው ቱቦ ከማኒፎልዱ ነበር የወሰድኩት፤ ኢንጀክሽን መኪና ላይ እንደሚደረገው። እዚህ አይሠራም። የካርቡሬተሩ ጎድጓዳ፣ ቤንዚኑ የሚጠራቀምበት፣ የሚያየው ከላይ ቆቡ ውስጥ ያለውን ግፊት ነው። በነዳጅ ፔዳሉ የሚከፈተው የካርቡሬተሩ ክዳን ግማሽ ሲሆን ከላይ ግፊት፣ ከታች ሳብ ይኖራል፤ መቆጣጠሪያዬ ሳቡን አይቶ ነዳጁን ይቀንሳል፣ ጎድጓዳው ግን ግፊት ውስጥ ነው። ስለዚህ ነዳጁ ሊገባ አይችልም። ቱቦውን ወደ ቆቡ አዛወርኩ። አሁን ነዳጁ ሁልጊዜ ከቆቡ በ3 ፒኤስአይ ይበልጣል።

ጥር 14

ጥምቀት አልፎ ጋሼ ጋራዣቸውን ከፈቱ። ሁለተኛው ጥፋት ጄቱ፣ ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚያልፍበት ባለቀዳዳ ነሐስ፣ ነበር።

ይህቺ ሞተር ከፋብሪካ የመጣችው በ127.5 ጄት፣ ማለትም 1.275 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ነው። ጋሼ ከብዙ ዓመት በፊት ለአዲስ አበባ ቀጭን አየር በ120 ቀይረውታል፤ ትክክል ነበሩ። አሁን ግን አየሩ ተመለሰ፤ ጄቱም መመለስ አለበት። ይህን ስላቸው ተነስተው ከመደርደሪያው የቡና ቆርቆሮ አወረዱ። በነጭ ጋዝ ውስጥ ሠላሳ ያህል የነሐስ ጄቶች። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ አውጥተው አንድ በአንድ ቁጥሩን እያነበቡ 127.5፣ 132.5 እና 135 ዘረጉልኝ። «ከያንዳንዱ ቮልስ ያወጣሁትን አልጣልኩም» አሉኝ።

በ127.5 መለኪያው 13.1። በ132.5 12.3። በ135 11.7። እዚያ ቆየን። ከፍ ያለ ቦታ ሲሄዱ የወጣው ሁሉ ተመልሶ ሲገባ በዓይኔ አየሁ።

ካንዴላዎቹንም በአንድ ደረጃ ቀዝቃዛ ወደሆነው፣ ከኤንጂኬ ቢ6ኤችኤስ ወደ ቢ7ኤችኤስ ቀየርኩ፤ ክፍተታቸው 0.6 ሚሊ ሜትር።

ጥር 21

ታይሚንግ፣ ማለትም ካንዴላው ቤንዚኑን የሚለኩስበት ጊዜ። ፈርቼ ከሙሉ 32 ዲግሪ ወደ 22 አወረድኩት። ፍንዳታው እንደማይመጣ እርግጠኛ ነበርኩ፤ ግን ሌላ ነገር መጣ። ማታ እንጦጦ ስወጣ የጭስ ቱቦው ደማቅ ብርቱካን ሆኖ ጋለ፣ ሦስተኛው ሲሊንደር 216 ገባ። ዘግይቶ የተለኮሰ ቤንዚን ሲሊንደሩ ውስጥ ሥራውን ሳይጨርስ እየነደደ ይወጣል፤ ቴስታታውንና ቱርቦውን ይጠብሳል። በመጽሐፍ የሚሰጠው በየፒኤስአዩ አንድ ዲግሪ የመቀነስ ልማድም ለባሕር ጠለል ሰው የተጻፈ ነው፤ የእኔ 5 ፒኤስአይ ከባሕር ጠለል በላይ የሚሆነው 1.4 ያህል ብቻ ነው። 25 አደረግኩ፣ ካንዴላ አየሁ፣ ንጹሕ። 27 አደረግኩ፣ ንጹሕ። እዚያ ላይ ሦስተኛው 203። ከ27 በላይ አልሄድም።

የካቲት 2

አራታችንም። እናቴ ከፊት። ከሽሮ ሜዳ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር 7 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ። አብዛኛው በሦስተኛ ማርሽ። ሦስተኛው ሲሊንደር 204፣ ዘይት 111። ምንም ሳልነካ ከነበረው 212 ያነሰ፣ ጉልበቱ ግን ሌላ ነው። እናቴ ስትወርድ ኮፋኖውን በመዳፏ መታ መታ አደረገችው።

የካቲት 10

አዳማ ደርሰን መለስን፣ በአሮጌው መንገድ። የሄድኩት ለሙቀት ፈተና ነው፤ ያልጠበቅኩትን ተማርኩ። አዳማ 1,700 ሜትር ገደማ ናት፣ አየሩ ይወፍራል። ዌስትጌቷ ግን የምታውቀው ከውጭው አየር በላይ 5 መሆኑን ብቻ ነው። እዚያ 5 ሲጨመር ጠቅላላው ወደ 117 ኪሎፓስካል ይወጣል። የነዳጅና የአየር መለኪያው 12.2 ሆነ፣ ሦስተኛው 211፣ ዘይት 118። ሙቀቱ ገደብ ውስጥ ነው፤ ግን ወደ አዋሽ ወርጄ ብሆን ኖሮ ገደቡን ባለፍኩ ነበር። ሞተሩን ማስተካከል ያለብኝ ለምኖርበት ከፍታ ብቻ ሳይሆን ለምወርድበት ዝቅተኛ ቦታ ነው። ከዚህ በኋላ ወደ ቆላ ስሄድ 137.5 ጄት አስገባለሁ፣ ከ4,000 ዙር በላይም አላስጮሃትም።

መጋቢት 4

1,200 ኪሎ ሜትር ሆናት። ዘይቱን ቀየርኩ፤ 20 50 የሚባለውን ወፍራም ዘይት ነው የምጠቀመው። ፊልትሮውን ቆርጬ ወረቀቱን ዘረጋሁት፣ ከጥቂት ጥቁር ደለል በቀር ብረት የለበትም። የቱርቦው ዘንግ እንደመጣበት ነው።

የቫልቭ ክፍተቶችን ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ለካሁ። ሰባቱ 0.15 ሚሊ ሜትር ላይ ናቸው። የሦስተኛው ጭስ ማውጫ 0.12 ሆኗል። አዲሱ ቫልቭ መቀመጫው ላይ እየተደላደለ ሊሆን ይችላል፤ በሙቀት እየተሳበ ከሆነ ግን ጭንቅላቱ ተቆርጦ ፒስተኑን ይበሳል። ወደ 0.15 መለስኩት። በ500 ኪሎ ሜትር እንደገና እከፍተዋለሁ፤ ዳግም ጠቦ ካገኘሁት ቴስታታው ይወርዳል።